ጎርፍ ቀበሌውን ሲመታ፦ የወረዳው መኪና እስኪደርስ በእድር አቅም የሚሠራ ሥራ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ ሰው ሲያፈናቅል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት የሚሸከመው ጎረቤት ነው። ድልድይ ተወስዶ፣ የጠጠር መንገዱ ተቆርጦ፣ እህል የጫነው አይሱዙ ጭቃ ይዞት ከቆመበት እስኪወጣ ድረስ የተፈናቀለው ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ልጅ ይታመምበታል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለቀበሌ አመራሮች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለበጎ ፈቃድ ወጣቶች ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ለእድር ዳኞች ነው። ለእርዳታ ከሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው እድር ቤት ተቆልፎበት ይገኛልና፦ ድንኳን፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሰሌን፣ ኩባያ፣ የአባላት መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ከዚያም ላይ ሌሊት ሰው ቀስቅሶ የሚያስወጣ ጡሩምባ ነፊ። ይህን ሁሉ ለለቅሶ ብቻ ማስቀመጥ አይገባም ባይ ነኝ። እድር በሌለበት አርብቶ አደር አካባቢ ሥራውን የጎሳ ሽማግሌዎች ይይዙታል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

1. ግንቦት ላይ የሚያልቅ ሥራ

በግንቦቱ ወርኃዊ ስብሰባ አንድ ቃለ ጉባኤ ያዙ። የእድሩ ዕቃ በአደጋ ጊዜ አባል ላልሆነ ሰውም እንዲወጣ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ሳይጠራ ከካዝናው እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚቻል፣ ሁለተኛው ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ይወሰን። የቁልፉ ነገር ተራ ይመስላል፤ ቁልፍ ያዡ ከወንዙ ማዶ ቀርቶ ድንኳኑ ሳይወጣ ሲነጋ ግን ትርጉሙ ይገባል። ዕቃ ቤቱ ራሱ ቆላማ ቦታ ላይ ከሆነ ዕቃው ሰኔ ሳይጋመስ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ይዛወር።

ቀጥሎ ስልክ ነው። የሚያጠፋችሁ ዝናብ እናንተ ጋ የዘነበው ላይሆን ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን ሌሊት የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የወረደው ከከተማው በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹም በተኙበት። የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቁት ርብና ጉማራ ወንዞችም የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ስለዚህ ከላይኛው ተፋሰስ ከሁለት ቀበሌ ሁለት ሁለት ሰው መርጣችሁ ስልካቸውን ያዙ፤ የእናንተንም ስጧቸው። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ መጪዎቹን ቀናት ለማወቅ ጥሩ ነው። ሰዓቱን የሚነግራችሁ ግን «ወንዙ ደፍርሷል፣ ግንድ ይዞ ወርዷል» ብሎ የሚደውለው ሰው ነው።

በመጨረሻም በራሳቸው መውጣት የማይችሉትን በጎጥ በጎጥ ጻፉ፦ አረጋውያን፣ አራስ፣ ዐይነ ስውር፣ የአልጋ ቁራኛ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ተሸክመው የሚያወጡ ሁለት ሰዎች ይጻፉ። ስም ካልተጻፈ ሁሉም «ሌላው አውጥቶታል» ብሎ ያልፋል።

2. ውሃው ሲመጣ

ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ዕቃ ለመሰብሰብ የሚመለስ ሰው አይኑር። ልጅ፣ መታወቂያ፣ መድኃኒት፣ ስልክ ብቻ ይያዝ። ከብቱን ፍቱት፤ ታስሮ የቀረ ከብት ይሰጥማል፣ የተፈታው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ከፍታ ይፈልጋል። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። የደፈረሰ ውሃ ሥሩ ያለው መንገድ ይሁን ገደል አይታይም፤ «ትናንት ተሻግሬዋለሁ» የሚል ሹፌር ካለ ቁልፉን ተቀበሉት። የወደቀ የመብራት ሽቦ ካለ ማንም ወደዚያ ውሃ አይግባ፤ ለመብራት ኃይል ደውሉና መስመሩን አስቆርጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ናዳ ከሆነ ሁሉም ነገር ይለያል። ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ማንም አዳኝ መርሳት የለበትም። የመጀመሪያው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ፤ በማግስቱ ጠዋት እነሱን ለማውጣት ዶማና አካፋ ይዞ የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛው ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ነበሩ። በእጁ እየቆፈረ የሚያለቅስ ወንድም ፊት «ቆይ» ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ከማዶ ካለው ኮረብታ ላይ፣ ተዳፋቱ ሙሉ በሙሉ ከሚታይበት ቦታ፣ ጡሩምባ ወይም ፊሽካ የያዘ ሁለት ጠባቂ ይቁም። የሚጠብቁት ምልክት፦ ከናዳው በላይ አዲስ የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም አዲስ የፈለቀ ምንጭ፣ የሚንከባለል ድንጋይ ድምፅ። ጡሩምባው ሲነፋ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሮጠው፤ መሸሻው አስቀድሞ ለሁሉም ይታይ። ለመቆፈር የሚገቡት ጥቂት ሆነው በየተራ ይግቡ፣ ስማቸው ሲገቡና ሲወጡ ይመዝገብ። የቀረው ሕዝብ ከናዳው ግርጌ ሳይሆን ከጎን፣ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ዝናቡ ካላባራ ቁፋሮው ይቁም። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ ፖሊስ ሲከለክል የሚጣላ ሰው አባ ሲለምኑት ይመለሳል።

ስለ አስከሬን አንድ ነገር ልጨምር። በጎርፍና በናዳ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ ያመጣል ተብሎ በጥድፊያ በጅምላ ይቀበራል፤ ይህ ስጋት በአብዛኛው መሠረት የለውም። ከኮሌራ በስተቀር ለጥድፊያ ምክንያት የለም። ፊቱን ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ የለበሰውን ልብስና የተገኘበትን ቦታ ጻፉ፣ ለመቃብሩ ቁጥር ስጡ። ቤተሰቡ ከሩቅ መጥቶ «የእኔ ሰው የት ነው?» ሲል መልስ ይኖራችኋል። ለውርስም፣ ለሞት ምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል።

3. መዝገብ

ብዙ ኮሚቴ ብርድ ልብስ ይለምንና መዝገቡን ለነገ ያሳድራል። እኔ መዝገቡን ከብርድ ልብሱ አስቀድማለሁ፤ ወረዳው፣ ቀይ መስቀልም ሆነ የትኛውም ድርጅት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ነው?» ብሎ ነውና። «ብዙ ነው» ብሎ መልስ የለም።

ባለመስመር ትልቅ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ደብተሩን ከዝናብ የሚከላከል ፌስታል። ጽሕፈቱ ጥሩ የሆነ አንድ ተማሪ ይጽፋል፣ ሰፈሩን የሚያውቅ አንድ የእድር ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያረጋግጣል። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ የአባወራ ወይም የእማወራ ስም እስከ አያት፣ ጎጥ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ከ5 እስከ 17፣ ከ18 እስከ 59፣ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ፣ ሕመምተኛ ወይም አካል ጉዳተኛ፣ የጠፋ የቤተሰብ አባል፣ ስልክ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ።

ችግር የሚነሳባቸውን ቦታዎች አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሁለት ሚስት ያለው አባወራ በአንድ መስመር ከተመዘገበ ሁለተኛዋ ሚስት ከነልጆቿ ባዶ እጇን ትቀራለች፤ እያንዳንዷ ሚስት በራሷ ስም እማወራ ሆና ትጻፍ። ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ለአረም የመጣ ወዛደር በቀበሌውም በእድሩም መዝገብ የለም፤ ጎርፉ ግን ቤቱን ወስዶታል። የእድሩ መዝገብ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ዘመድ ቤት የተጠጋም ተፈናቃይ ነው፤ ትምህርት ቤት ስላልመጣ አይዘለል። ብቻውን የተገኘ ልጅ በተለየ ገጽ ይጻፍ፤ የወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሳያውቅ ለማንም «አሳድገዋለሁ» ባይ አይሰጥ።

ማታ መዝገቡ በአደባባይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። «አቶ እገሌ ቤተሰብ 9» ሲባል ከኋላ «ኧረ አምስት ናቸው!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ያከራክራል፣ ይሳቃል፣ ይስተካከላል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቆሙት እህሉ ለማይገባው እየደረሰ ነው ብለው ነበር፤ ለወራት የተቸገረው ደግሞ ደሃው ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተጣራ ዝርዝር ይዞ የሚሄድ ቀበሌ ወደ ኋላ ይመለሳል።

4. ማደሪያ

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ቀዳሚው መጠለያ እሱ ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተከለለ ወለል ያስፈልጋል። ሰባት በስምንት የሆነ መማሪያ ክፍል 56 ካሬ ነው፤ 16 ሰው ይይዛል። 60 ቤተሰብ፣ 300 ሰው ገደማ ቢፈናቀል 19 ክፍል ማለት ነው። ያን ያህል ክፍል ያለው የቀበሌ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፤ የቀረውን በእድሩ ድንኳንና በዘመድ ቤት አካፍሉ። ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው በክፍል ውስጥ ከታጨቀ ይሻላል፣ ግን ተቀባዩ ቤተሰብም እህል ይታሰብለት፤ አለበለዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ይራባሉ።

ድንኳን ስትተክሉ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ፣ ወለሉን በጠጠርና በሸራ ከፍ አድርጉ። ብቻቸውን ያሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ለብቻቸው፣ ለጥበቃው ቅርብ በሆነ ክፍል ይደሩ። መብራት ከሌለ አንድ የሶላር ፋኖስ ወደ መጸዳጃው መንገድ ላይ ይንጠልጠል። ብላክቦርዱንና ዴስኩን ደግሞ ከማገዶ አድኑ፤ በመስከረም ትምህርት ይጀመራል። ለዚህም ትምህርት ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን ከመጀመሪያው ቀን ተነግሮ ይደር።

5. ውሃና መጸዳጃ

ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚገድለው ውሃው ነው። መጸዳጃ ጉድጓዶች ሞልተው ፈስሰዋል፣ የከብት አዛባ ታጥቧል፣ የጉድጓድ ውሃ ሁሉ ተበክሏል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ታሳቢ አድርጉ። ለ300 ሰው 4,500 ሊትር፣ ወይም 225 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ይህን ቁጥር ለወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት በዚሁ መልክ ንገሩት፤ ስንት ቦቴ እንደሚልክ ያውቃል።

እስከዚያው ከሰማይ የሚወርደውን ያዙ። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ አሸንዳ ካለው ሮቶ ከሥሩ አስቀምጡ፤ ከሌለው የታጠፈ ቆርቆሮ በሽቦ እሰሩ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ይደፋ። የዝናብ ውሃ ከወንዙ ይልቅ ብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ቢሆንም ይታከም።

አስተካክሎ የማከሙ ሥራ ከጀሪካኑ ይጀምራል። ውስጡ አረንጓዴ የሆነ ጀሪካን ውስጥ አንድ እፍኝ ጠጠር፣ ትንሽ ኦሞና ውሃ ጨምራችሁ ክዳኑን ዘግታችሁ አንቀጥቅጡት፤ ጠጠሩ እጃችሁ የማይደርስበትን ይፍቀዋል። የደፈረሰውን ውሃ በባልዲ አሳድራችሁ፣ ከላይ ያለውን የጠራውን በአራት በታጠፈ ነጠላ አጥልሉ። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ አጋር ወይም አኳታብ የተባለው የክሎሪን ማከሚያ የሚጨመረው፣ መጠኑም በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው። ጭቃ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው፤ ጭቃው ይበላዋል። ቢሻን ጋሪ የተባለው የውሃ ማከሚያ ዱቄት ያለው ሰው ግን ያንኑ ይጠቀም፤ እሱ ጭቃውንም ያዘቅጠዋል። ምንም ካልተገኘ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለአንድ ሊትር የጠራ ውሃ ሁለት ጠብታ በቂ ነው። ሁሉም 30 ደቂቃ ይጠበቁ። ሲጠጣ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ካለው ደግ ምልክት ነው፤ ለእናቶች ይህን አስረዱ፤ «መድኃኒት ሸተተ» ብለው የሚደፉ አሉና።

«ውሃ አፍሉ» የሚለው ምክር እርጥብ ማገዶ ባለበት ክረምት በወሬ ይቀራል። ያለውን ደረቅ እንጨት ለሕፃናት ውሃ አቆዩት፤ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ።

መጸዳጃ በመጀመሪያው ቀን ይቆፈር። ለ50 ሰው አንድ ቀዳዳ፣ ለ300 ሰው ስድስት፤ የሴቱና የወንዱ ይለይ፣ የሴቱ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ከውሃ መቅጃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። አንድ ክንድ ሳይቆፈር ውሃ በሚወጣበት ረግረግ ሜዳ ላይ ጉድጓዱን ተዉት፤ አፈር ከምራችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩና በርሜል ወይም ሮቶ ከሥሩ ቅበሩ። በር ላይ ውሃና ሳሙና ካልተቀመጠ ግማሽ ሥራ ነው።

6. ምግብ

ማገዶ በሌለበት የመጀመሪያ ቀን የሚያዋጣው ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ጭኮ በቅቤ አታዘጋጁ፤ ጾም የያዘ ሰው ሳይበላ ያድራል። በሶ በውሃና በስኳር ለሁሉም ይሆናል። በደቡብ ቆጮ ያለበት ቦታ ቆጮው ይቅረብ፤ የለመደው ምግብ ነው።

በሁለተኛው ቀን የእድሩ ብረት ድስት ይጣድ። የሚወጣውን እህል የሚመዝነው፣ የሚያበስለውና የሚያድለው ሰው አንድ እንዳይሆን። ከሳምንት በላይ ከዘለቀ ጥሬ እህል ይከፋፈል፤ በአገራችን የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ለ300 ሰው እህሉ ብቻ 45 ኩንታል ይሆናል።

7. ሕመም

ጤና ኤክስቴንሽኗ በየጠዋቱ ክፍሎቹን ትዙር። የምትጠይቀው ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ የተቋረጠ መድኃኒት። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የስኳር መድኃኒታቸው ጎርፍ የወሰደባቸው ሰዎች በሕዝብ ፊት አይናገሩም፤ ለብቻ ይጠየቁ።

ተቅማጥ ለያዘው አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር የታከመ ውሃ፣ በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋ። ኦ አር ኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሕፃን ከሆነ የእናት ጡት አይቋረጥ፣ ዚንክ ከጤና ኬላ ይሰጠው። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያለው አንድ ትልቅ ሰው እንኳ ከተገኘ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለጤና ጣቢያ ደውሉ፣ ታማሚውንም ለብቻው አስቀምጡ። ወባ ከጎርፉ ትንሽ ዘግይታ ትመጣለች፤ የተኛ ውሃ ትንኝ ያረባል። አጎበር በተፈናቃዩ ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያው ይጠየቅ።

8. መኪናው ሲደርስ

ከመከፋፈሉ በፊት ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚደርስ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችለው ጡሩምባ ነፊው ይልፈፈው። በጎጥ በጎጥ ጥሩ፤ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡርና አካል ጉዳተኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይቀድማሉ። ዕቃው ከሚታደልበት ራቅ ብሎ የቅሬታ ጠረጴዛ ይኑር፣ እዚያ የሚቀመጠውም ከኮሚቴው ውጭ የሆነ፣ በሕዝብ የታመነ ሰው ይሁን። እናት ዘይት ተሸክማ ስትወጣ ካሜራ ፊቷ ላይ የሚደቅን ሰው አልወድም፤ ፎቶ ካስፈለገ ፈቃዷ ይጠየቅ።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያሉ ወገኖች «ምን እንላክ?» ሲሉ መልሱ ገንዘብ ይሁን፣ በእድሩ ወይም በታወቀ ድርጅት ሒሳብ በሦስት ፊርማ የሚወጣ። በጆንያ የሚመጣ አሮጌ ልብስ መደርደሪያና ሰው ይፈልጋል፣ ገሚሱም ባለ ተረከዝ ጫማ ይሆናል። የሚጎድለው የውስጥ ልብስ፣ ሞዴስ፣ ሳሙናና ጀሪካን ነው፤ እሱንም ከቅርብ ገበያ መግዛት ይሻላል።

9. ወደ ቤት

ውሃው ስለጎደለ ብቻ ሰው አይመለስ። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅም ሊፈርስ ይችላል፤ ምሰሶው ያዘነበለ ወይም ግርጌው የተቦረቦረ ቤት ውስጥ አይታደር። በረጅም ዱላ እያንኳኳችሁ ግቡ፣ እባብ ደረቅ ጥግ ይፈልጋል። ጎርፍ የነካው ዱቄትና እህል ይጣል፤ ሻጋታውን አድርቆ መብላት ያሳምማል። ጉድጓዱ ተቀድቶ ባዶ ሆኖ በክሎሪን እስኪታከም፣ የውሃ ባለሙያ እስኪፈቅድ ድረስ ለመጠጥ አይቀዳ።

የሞተ ከብት አይበለት፣ አይገፈፍ። ከከባድ ዝናብና ጎርፍ በኋላ አባ ሰንጋ ይነሳል፤ በደሙና በሥጋው ወደ ሰው ይተላለፋል። በድኑ ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበር፣ ለወረዳ እንስሳት ሐኪምም ይነገር። ረግረግ ላይ የሚግጡትን ከብቶች የጉበት ትል ይይዛቸዋል፤ መድኃኒቱ ከአባ ሰንጋ ክትባት ጋር አብሮ ይጠየቅ።

ሰብሉ የተበላሸበት ገበሬ እስከ መጪው ክረምት ቁጭ ብሎ እህል አይጠብቅም። እንደ ፎገራ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ውሃው መስከረም ሲጎድል በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራል፤ በደቡብ የስኳር ድንች ሐረግ በጥቂት ወራት ይደርሳል። የዘሩ ጥያቄ ለወረዳ ግብርና የሚቀርበው ሰው ገና ትምህርት ቤት ውስጥ ሳለ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከእህሉ ጥያቄ ጋር በአንድ ደብዳቤ ነው። መስከረም ላይ የተጠየቀ ዘር ኅዳር ይደርሳል፣ መሬቱ ያን ጊዜ ደርቋል።